ሐረጎ ላይ የቀረው ዘፋኝ

ሰው ዘመድ ይታመምበታል፤ ጎረቤት ይታመምበታል። እኔ ግን ባለፈው ግንቦት የታመመብኝ ጨርሶ ያልተወለደ ሰው ነው። አባት የለው፣ እናት የለው፣ ቀበሌ አያውቀው፤ ጉሮሮውን ግን ያመዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ማርና ዝንጅብል ተይዞለት ተመጥቷል፤ በሁለት ሃይማኖት ተጸልዮለታል። የኔ የዕድሜ ልክ ጉንፋን ያንን ያህል ጠያቂ አግኝቶ አያውቅም። ቅናት እንዳይመስልብኝ እንጂ እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔ ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ኮፒ የማነሣ፣ የሰርግ መጥሪያ የማትም፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የሙት ዓመት ካርድ የምሠራ ሰው ነኝ። ሙዚቃ ውስጥ የከተተኝ ትዳር ነው። ባለቤቴ ሐዋ፣ እንድሪስ የሚባል ታላቅ ወንድም አላት። እንድሪስ ቀን ቀን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ ከሥራ ሲወጣ ሳክስፎን ይነፋል። ከሱ ጋር ቤዝ ጊታር የሚጫወት አንድ ልብስ ሰፊ፣ ድራም የሚመታ አንድ የጋራዥ ሰው፣ ኪቦርድ የሚነካ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አሉ። አራቱ ተሰብስበው ዳገት ባንድ ይባላሉ። ባንዱ የተቋቋመው እኔ ፀጉር በነበረኝ ዘመን ነው።

የሚጫወቱት ጃዝ ነው። የኛን አምባሰልና ባቲ ወስደው ከውጭው ጃዝ ጋር ያጋቡታል። ድሮ፣ ገና ሐዋን እንዳገባሁ፣ የተማርኩ ለመምሰል እንድሪስን ጃዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄው ነበር። ትንሽ አሰበና፣ «መንገዱን ታውቀዋለህ፤ የምትደርስበትንም ታውቀዋለህ። ግን በየኩርባው ቆም እያልክ፣ ደስ ያለህን እያየህ ነው የምትሄደው» አለኝ።

«ሚኒባስ ነዋ» አልኩት።

ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም። እኔ ግን ልክ ነበርኩ ብዬ አሁንም አምናለሁ። የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስም የት እንደሚደርስ ይታወቃል፤ በየት በየት ቆሞ እንደሚደርስ ግን የሚያውቀው ረዳቱ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር፣ ዳገት ባንድ ዘፋኝ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ይህ እንድሪስ አጥብቆ የያዘው ነገር ነው። «ቃል ካስገባህበት ሰው ቃሉን ይሰማና ዜማውን ይተወዋል» ይላል። እኔ ያለሁት ደግሞ ወሎ ነው። እዚህ አገር ባቲ ተጫውቶ ግጥም አለማምጣት ምሳ ጠርቶ ውሃ ብቻ እንደማቅረብ ነው። እንግዳው ውሃውን ይጠጣል፤ ዓይኑ ግን ጓዳው በር ላይ ነው።

ለዚህም ይመስለኛል ባንዱ ይህን ሁሉ ዓመት ተጫውቶ ብዙ ሰው ያላወቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ የወይዘሮ አስካለ ሆቴል ጓሮ ውስጥ ይጫወታሉ። ሰው ሻይውን ይጠጣል፣ የሳምንቱን ወሬ ያወራል፣ አንዳንዱም ሳክስፎኑ ሲበረታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚነፋው። ዓይኑን መጨፈኑን ሰዎች የተመስጦ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሰው ሲያወራ ላለማየት ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አዲሱ አልበም ወጣ። ስሙ «ጭጋግ» ነው። የቀዱት በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ መብራት ሲመጣ እየጀመሩ መብራት ሲሄድ እያቆሙ ነው። አንዱ ዜማ መሀል ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። እንድሪስ ደግመን እንቅዳው ሲል የድራሙ ሰው፣ «ተወው፣ ከኛ በላይ ቅኝቱን ጠብቋል» አለውና ቀረ። በዚህ ሁኔታ ስንት ጊዜ ተጀምሮ ስንት ጊዜ እንደቆመ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ብቻ ሐዋ አልበሙ አለቀ ስትባል መጀመሪያ አላመነችም ነበር።

አልበሙ ባለቀ ሰሞን ወይዘሮ አስካለ እንድሪስን ጠራችው። አስካለ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የነገረችውም በወግ ነው። ጓሮው ላይ የምታቆመው ትልቅ ስክሪን ገዝታለች። ቅዳሜ ኳስ ብታሳይ ቦታው እንደሚሞላ አስባለች። «ግን ይህን ሁሉ ዓመት ከኔ ጋር ኖራችኋል፤ እንዲሁ ሂዱ አልላችሁም» አለችው። «አዲሱን አልበማችሁን አስመርቁ። ሰው እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ ቅዳሜ እንደ ድሮው የናንተ ነው። እየተነሣ ከሄደ ግን አትቀየሙኝ።»

እንድሪስ ይህን ለኔና ለሐዋ ሲነግረን እጁን አያንቀሳቅስም ነበር። ሌላ ቀን ሲያወራ እጁ አያርፍም። ያ ጓሮ ከሌለ ዳገት ባንድ የሚጫወትበት ሌላ ቦታ የለም፤ ለልብስ ሰፊው ሱቅ ብርድ ልብስ እየነፉ መኖር ነው። ሐዋ ዞራ አየችኝና፣ «ፖስተሩን አንተ ትሠራለህ» አለች። የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ይህች አረፍተ ነገር ናት።

ፖስተር መሥራት ለኔ ምንም አይደለም። ኮምፒውተሬ ውስጥ የተዘጋጁ ሥዕሎች አሉ። ሙዚቃ ለሚለው የተቀመጠልኝ አንድ ሥዕል ነው፤ በብርሃን መሀል ብቻዋን የቆመች የምታብረቀርቅ ማይክሮፎን። ከሷ በላይ «ጭጋግ»፣ ከሷ በታች «ዳገት ባንድ» ብዬ ጻፍኩና አተምኩ። እንድሪስ ሲያየው፣ «ማይኩ ምን ይሠራል?» አለኝ። «ለሳክስፎንህ ነዋ» አልኩት። እውነትም ሳክስፎን በማይክ ነው የሚሰማው፤ አላጠፋሁም። ፖስተሩን ከፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ለጠፍኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ጓሮው ሞላ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የፋብሪካ ሠራተኞች ከፈረቃ እንደወጡ መጥተዋል፤ የእንድሪስ ጎረቤቶች አሉ፤ ሻሽ ያሰሩ እናቶች አሉ። ፊት ለፊት ያለውን ወንበር የያዙት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በኮምቦልቻ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሐረጎን፣ ማለት በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን ያንን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ስንት ሺህ ጊዜ እንደወጡት ከሳቸውና ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ከጎናቸው እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል፤ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ የሰው ሕመም ሰምተው ቤት መዋል የማይሆንላቸው ሴት ናቸው።

ባንዱ ጀመረ። እንድሪስ ከጎን፣ ኪቦርዱ አጠገብ ቆሟል። የሳክስፎኑ ማይክ ግን መሀል ላይ ብቻውን ነው፤ እንድሪስ የራሱ ተራ ሲደርስ ወደሱ እየሄደ ነፍቶ ይመለሳል። ልክ ፖስተሩ ላይ እንዳለው፣ ማይኩ ብቻውን ያበራል።

የመጀመሪያው ዜማ አለቀ። ሳያቆሙ ወደሚቀጥለው ገቡ፤ እንድሪስ ጭጋግ አይቆራረጥም ብሎ አልበሙን አንድ ወጥ አድርጎ ነው የሠራው። ሰው በትህትና ተቀምጧል። ማሟሟቂያ ነው ብሏል። ሁለተኛው ሲጋመስ ግን ራሶች መዞር ጀመሩ። አንዱ ማይኩን ያያል፤ አንዱ የጓሮውን በር ያያል፤ አንዱ ሰዓቱን። እትዬ ዘነበች ወደ ጋሽ ሰይድ ጠጋ ብለው፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚወጣው?» አሉ። ከኋላ አንድ የፋብሪካ ልጅ ለጓደኞቹ ተነሡ እንሂድ የሚል ምልክት ሰጠ። አንድ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ወንበሮቹን ታያለች።

እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ግን አልጨፈንኩም። ጎንበስ ብዬ ወደ ጋሽ ሰይድ ሄድኩና በሹክሹክታ፣ «ዘፋኙ ከደሴ እየመጣ ነው» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። አፌ ከኔ ቀድሞ ሄደ። ግን አያችሁ፣ የጋሽ ሰይድን ጆሮ የገባ ነገር ጓሮ ውስጥ አይቀርም። ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሄደ፤ የተንቀሳቀሱት ወንበሮች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የፋብሪካው ልጅ ተቀመጠ። እፎይ አልኩ። ከዚያ ጋሽ ሰይድ በጣታቸው ጠሩኝ።

«የት ደርሷል?»

«ሐረጎ ላይ ነው» አልኩ።

«ምን ይዞት ነው እስካሁን?»

ቀና ስል ከመድረኩ ጀርባ የሰቀልኩት ፖስተር ታየኝ። «ጭጋግ» ይላል። «ጭጋግ» አልኩ።

«በግንቦት?»

«እኔም ገርሞኛል።»

ጋሽ ሰይድ ስልካቸውን አወጡ። ሰውየው ጡረታ ቢወጡም ሹፌሮቹ አልተዋቸውም፤ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ የሳቸው ልጅ ነው። «አንተ የት ነህ?» አሉ። «ሐረጎ? እሰይ። እስቲ ጭጋግ አለ ወይ?» አዳመጡ። ስልኩን ዘጉና ወደኔ ዞሩ። «ፀሐይ አናቴን በሳኝ ይላል።»

«እንግዲያ ጭጋጉ ለቋል ማለት ነው። አሁን መኪናዋ ናት።»

«ምን ሆነች?»

መኪና ላይ ያለኝ ዕውቀት ተሳፋሪነት ብቻ ነው። የመጣልኝን ጠራሁ። «ፍሬኗ።»

ጋሽ ሰይድ ከወንበራቸው ተነሡ። «ሐረጎ ላይ ፍሬን? ያ አላህ፣ ምን ዓይነት ሙሲባ ነው!» እሳቸው ሲነሡ ጠረጴዛው ሁሉ ተነሣ። ወይዘሮ አስካለ ሰው ሲነሣ አይታ አንገቷን አሰገገች። እኔ የጋሽ ሰይድን ሁለት ትከሻ ይዤ ቁልቁል እየተጫንኩ፣ «ይቀመጡ፣ እባክዎ ይቀመጡ፣ ፍሬን አይደለም» አልኩ።

«ታርጋዋ ስንት ነው? ልጁን መኪናውን አቁመህ ርዳቸው ልበለው።»

ከዚህ ወዲያ መንገዱ ላይ የሚያስኬድ ውሸት አልቀረኝም። ሰውየውን ከሐረጎ ማውረድ ነበረብኝ። «እውነቱን ልንገርዎት» አልኩ። ሰው እውነቱን ልንገርዎት ሲል ምን ሊከተል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ከቤቱም አልተነሣ። ጉሮሮውን አሞታል። ግን ከተሻለው ሊነሣ ይችላል ብለን ነው።»

የጋሽ ሰይድ ፊት ወዲያው ተለወጠ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ውይ የኔ ሆድ» አሉ፤ «ታሞ ነው ለካ! እኛ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለን ስናማው።» ወሬው እንደገና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሄደ። አሁን ግን ሰውን ተነሡና ሂዱ ብትሉት እንኳ አይሄድም። የታመመ ሰው ወዳጆቹ እየተጫወቱለት ጥሎ መውጣት እንዴት ይሆናል? እዚህ አገር ከዚያ የበለጠ ነውር የለም።

ቤዝ ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ደርሶ ነበር። ልብስ ሰፊው ቀስ አድርጎ፣ ወፍራም ወፍራም ድምፅ እያወጣ ይጓዛል። ጋሽ ሰይድ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ሽፋውን ይላክለት» አሉ።

«አሚን» አለ ጠረጴዛው።

«ጉሮሮውን ይክፈትለት።»

«አሚን» አለ ጓሮው።

«ከወዳጆቹ አይለየው።»

«አሚን።» እትዬ ዘነበች አማተቡና እመቤቴ ትማረው አሉ።

ልብስ ሰፊው ራሱን ቀና አደረገ። በሕይወቱ ቤዝ ጊታር ሲመታ አሚን ያለው ሰው የለም። ሰውየው ሊያቆም ሲገባው ቀጠለ፤ ዱዓውም ቀጠለ፤ እሱ አንድ ሐረግ ባወጣ ቁጥር አንድ አሚን ይመጣለታል። አልበሙ ላይ አጭር የሆነችው ያቺ ቦታ በዚያን ቀን ምን ያህል እንደረዘመች ብነግራችሁ አታምኑኝም። በመጨረሻ እንድሪስ ዓይኑን ገለጠ። ያየው ጓሮ ሙሉ ሰው እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው።

እንድሪስ ዓይኑን እንደገና አልጨፈነም። እስከ መጨረሻው ሰውን እያየ ነፋ። እንዲያ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም፤ ስለ ጃዝ የማላውቀው እኔ እንኳ ወንበሮቹን ማየት ተውኩ። ሻይ ያዘዘ የለም። ያወራ የለም። በሽተኛ እየጠበቁ ማውራት አይሆንማ።

አልበሙ አለቀ። ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ተሰልፎ እየመጣ እንድሪስን እጁን ይጨብጠው ጀመር። «አብሽር» ይሉታል። «አይዞህ፣ ያልፋል።» እሱም እያንዳንዱን እያመሰገነ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወይዘሮ አስካለ መጣችና፣ «ቃሌ ቃል ነው፤ ቅዳሜ የናንተ ነው» አለችው። ስክሪኑን ምሳ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገውም ነገረችን።

እንድሪስ ሁሉም ከሄደ በኋላ ሳክስፎኑን ሣጥኑ ውስጥ እያስተኛ፣ «ሰሙኝ» አለኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ዛሬ ገና ሰሙኝ።» ምን ልበል? አዎ አልኩ። ደስ ብሎኛል፤ የፈጠርኩትን ዘፋኝ ግን አልነገርኩትም።

በማግሥቱ እሁድ ነው። ግንቦት ላይ የሰርግ ካርድ ስለሚበዛ እሁድም ሱቅ እከፍታለሁ። የሙሽሮችን ስም እያስተካከልኩ ቀና ስል፣ ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን ይዘው፣ እትዬ ዘነበች ዘንቢላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ፒያሳ ድረስ መጥተዋል። ዘንቢሉ ውስጥ ማር አለ፤ ዝንጅብል አለ፤ ጦስኝ አለ፤ ጠበል በፕላስቲክ አለ።

«ልጁን ልንጠይቅ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ቤቱ የት ነው?»

የትኛው ልጅ ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር? አፌ ዛሬም ቀደመኝ። «ቧንቧ ውሃ» አልኩ። ቧንቧ ውሃ የኔ ቤት ያለበት ሰፈር ነው። ሌላ ሰፈር ብጠራ ኖሮ ምናልባት ጠፍተን እንቀር ነበር፤ ያን ያህል ብልጥ ግን አይደለሁም።

ኮምፒውተሩን ልዝጋ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁና ለሐዋ ደወልኩ። «ሐዋዬ፣ ቤት ውስጥ በአጋጣሚ የታመመ ሰው አለ?»

«አለ» አለችኝ።

ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰው የለመነው ሲሰጠው አይመረምርም። ፈጣሪን አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና እንግዶቼን ባጃጅ ውስጥ አስገባሁ።

በሩን ስከፍት ሐዋ ቆማለች፤ ከኋላዋ መደቡ ላይ አንድ ሰው በትራስ ተደግፎ ጋደም ብሏል። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኗል። ጨርቁን ሲያነሣው እንድሪስ ነው። ትናንት ያን ሁሉ ሲነፋ ከንፈሩ ቆስሎ አብጦ፣ ፋብሪካ ሰኞ ስለሚገባ እኔ ጠዋት ከወጣሁ በኋላ እህቱ ዘንድ ሊያርፍ መጥቷል።

«አንተንም አሞህ ነው?» አሉ ጋሽ ሰይድ ደንግጠው።

«ከንፈሬ ነው፣ ጋሽ ሰይድ። ምንም አይደል። ለኔ ብለው ነው ከኮምቦልቻ የመጡት?» እንድሪስ ሊነሣ ሞከረ። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ አሁንም የትናንቱ ነው።

«ላንተም ለዘፋኙም ነው» አሉ እትዬ ዘነበች ዘንቢሉን እያወረዱ። «እሱስ የታል? ውስጥ ነው የተኛው?»

«የቱ ዘፋኝ?» አለ እንድሪስ።

ሳልኩ። ማንም አላየኝም። ጋሽ ሰይድ በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚነግሩ፣ ሁሉንም ነገሩት፤ ከደሴ ሲመጣ የነበረውን፣ የጭጋጉን፣ የፍሬኑን፣ የጉሮሮውን፣ የዱዓውን ነገር። ሲጨርሱ እንድሪስ ጨርቁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወደኔ አየ። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልተናደደም፤ ዝም ብሎ አነሰብኝ።

«ስለዚህ ትናንት የተቀመጣችሁት እሱን ስትጠብቁ ነው» አለ።

ሐዋ ወለሉን ታያለች። እትዬ ዘነበች አንድ ነገር እንደሰበሩ ገብቷቸው ዝንጅብሉን መደርደር ተያያዙ። ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው አስደገፉ። ቀጥለው፣ «መጀመሪያ አዎ» አሉ። «ሐቂቃውን ልንገርህ፣ መጀመሪያ እሱን ነበር የምንጠብቀው።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ» አሉ፤ «ያቺ ሦስተኛዋ፣ ወዲያ ትሄዳለች ስትባል ወዲህ የምትታጠፈዋ አለች አይደል? ምን ነበር ስሟ?»

«ኩርባ።»

«እሷ ስትጀመር እግሬ ፍሬን ፈለገ። ወላሂ። ጠረጴዛው ሥር እግሬ ፍሬን ሲረግጥ አገኘሁት። ጭነት ይዤ፣ በክረምት፣ ሐረጎን ስወርድ የነበረው ሁሉ መጣብኝ። ድሮ ከኔ ጋር የነበረ ረዳቴ፣ አሁን የለም፣ እሱም መጣ። ከዚያ ወዲያ ልጁን ረሳሁት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ትንሽ አሰቡ። «እሱ ቢመጣ ኖሮ ደግሞ ያወራብኝ ነበር።»

እንድሪስ የቆሰለ ከንፈሩን በምላሱ ነካ አደረገ። እኔን አንድ ጊዜ አየት አደረገኝ፤ ምን ሊል እንደሆነ አላወቅሁም። የሌለ ሰው ነው ቢል ሁለት ሽማግሌዎች ከነማራቸው ማፈራቸው ነው፤ እኔም ኮምቦልቻን ሁለተኛ አልረግጥም።

«ልጁ ትንሽ ተሽሎታል» አለ እንድሪስ። «ዛሬ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ለጊዜው እንዳትዘፍን ብለውታል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ተመስገን» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ቢሆንም» አሉ ጋሽ ሰይድ እንድሪስን ትክ ብለው እያዩ፣ «አይቸኩል በለው። ሰብር ያድርግ። እንዲህም ሆኖ ይሰማል።»

ማሩን እንድሪስ ወሰደው። ከንፈሩ ላይ ሐዋ ቀባችው፤ የተረፈውን እሱ በዳቦ በላው። ጦስኙን ለሁላችንም አፈላችልን። እኔ ጠበሉ ደረሰኝ፤ እትዬ ዘነበች ምንም ሳይሉ ጠርሙሱን ከፍተው ፊቴ ላይ ረጩኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እንድሪስ እነሱን ሸኝቶ ሲመለስ ምን እንደሚለኝ ስጠብቅ፣ «ቢያንስ ሌላ የመኪና ብልሽት አትጠራም ነበር? ፍሬን ይባላል?» አለኝና ተኛ። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ ነው የማየው።

ቅዳሜ ደረሰ። በጊዜ ወረድኩና የሆቴሉ በር ላይ ቆምኩ። ፖስተሩን ቀይሬዋለሁ፤ ማይኩን አውጥቼ የዳገት ሥዕል ብቻ አድርጌበታለሁ። ጓሮው ካለፈው ቅዳሜ ይልቅ ብዙ ሰው አለበት። ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ፤ ከኋላቸው ሁለት የጡረታ ጓደኞቻቸውን አስከትለዋል፤ ሦስቱም የሐረጎ ሹፌሮች ናቸው። በሩ ላይ ቆሙና ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዛሬም አይመጣም አይደል?»

«አይመጣም፣ ጋሽ ሰይድ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።